“አየሩ ነው” ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ ወደ ቤት አትመለሱ

(በጀርመን ለሚኖሩ ወገኖች የገና ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ያደረግሁት ንግግር ነው። ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች የተነሳ አንዳንድ ቦታ አስፍቼዋለሁ።)

ሰላም ናችሁ። በዚህ ብርድ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ጭጋግ ወርዶ በረራችሁ ሲሰረዝ ወይም ሲዘገይ ኤርፖርት ላይ የምትሰሙት መልስ አንድ ነው። “አየሩ ነው፣ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም።” ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ እጅ ይሰጣል። ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ወይም ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ ያድራል፣ ወይም ከኪሱ አዲስ ትኬት ይቆርጣል። “አየሩ ነው” የሚለው መልስ ግን አየር መንገዱን የሚገላግለው ከአንድ ነገር ብቻ ነው። ከካሳው። ሌላው ግዴታ በሙሉ አለ። ምግብ አለ፣ አልጋ አለ፣ ወደምትሄዱበት ማድረስ አለ። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይህን ለመናገር ነው።

ለምን አሁን? ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ያለው ጊዜ ወደ ሀገር ቤት የምንጎርፍበት ነው። ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ። መካከለኛው አውሮፓ በጭጋግ የሚታፈነውም በዚሁ ወቅት ነው። ደግሞ ሁላችንም ፍራንክፈርት አይደለም የምንኖረው። ብዙዎቻችን ከትንሽ ኤርፖርት ተነስተን፣ ፍራንክፈርት ወይም ቪየና ደርሰን ነው የአዲስ አበባውን በረራ የምንይዘው። ጉዞውን ገደል የምትከተው ያቺ የመጀመሪያዋ፣ አንድ ሰዓት እንኳ የማትሞላው በረራ ናት።

ስለ ጭጋጉ ትንሽ ልበል፤ ካውንተር ላይ የሚነግሯችሁን ለመመዘን ይጠቅማችኋል። በአቪዬሽን ጭጋግ የሚባለው እይታ ከ1000 ሜትር በታች ሲወርድ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ረጅም ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ይለቃል፣ ከመሬት የተጠጋው እርጥብ አየር ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱ ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይለወጣል። ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት ይብሳል። ብዙ ጊዜ ረፋዱ ላይ ይገፈፋል። በእነዚህ የብርድ ወራት ግን፣ በተለይ ሸለቆ ውስጥና ሐይቅ ዳር፣ ሞቃቱ አየር ከላይ እንደ ክዳን ስለሚጫነው ቀኑን ሙሉ ሊውል ይችላል። በቦደንዜ ሐይቅ ዳር ያለው የፍሪድሪሽስሃፈን ኤርፖርት፣ ኦስትሪያ ውስጥ ደግሞ ግራትስና ክላገንፉርት ይህን ጣጣ በደንብ ያውቁታል።

ታዲያ ፍራንክፈርት እየሠራ የእኛው ኤርፖርት ለምን ይዘጋል? ትልልቆቹ ኤርፖርቶች ምድብ ሦስት የሚባል የማረፊያ መሣሪያ አላቸው፤ በዚያ እጅግ ጥቂት ብቻ በሚታይበት ከባድ ጭጋግም ማረፍ ይቻላል። ብዙ ትንንሽ ኤርፖርቶች ያላቸው ምድብ አንድ ብቻ ነው። በምድብ አንድ ለማረፍ መንደርደሪያው ላይ ቢያንስ 550 ሜትር ያህል መታየት አለበት። ፓይለቱ 60 ሜትር ከፍታ ላይ ደርሶ መብራቱን ካላየ ወደ ላይ ይመለሳል፣ በቃ። ምድብ ሦስት ደግሞ መሬት ላይ መሣሪያ ስላለ ብቻ አይሠራም። አውሮፕላኑም ፓይለቶቹም ለዚያ የተፈቀደላቸው መሆን አለባቸው።

አንድ ወንድማችን “ጭጋግ ከሆነ ያኛው አውሮፕላን እንዴት ተነሳ?” ብሎ ካውንተር ላይ ተከራክሮ ነበር። ለመነሳት የሚያስፈልገው እይታ ብዙ ጊዜ ለማረፍ ከሚያስፈልገው ያነሰ ነው። እዚያው ያደረ አውሮፕላን ሊነሳ ይችላል፤ የእናንተው ግን ከሌላ ከተማ መጥቶ ማረፍ ካለበት አይመጣም። ማታ ማረፍ ካልቻለ ደግሞ ጠዋት ላይ የምትሳፈሩበት አውሮፕላን የለም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በጭጋግ ውስጥ በግድ አብሩን የሚል ሰው አይኑር። እ.ኤ.አ. በ1977 ቴነሪፍ ደሴት ላይ፣ ሎስ ሮዴዮስ በሚባል ትንሽ ኤርፖርት፣ ከሌላ ቦታ የተዛወሩ አውሮፕላኖች ተጨናንቀው ባሉበት በጭጋግ ውስጥ ሁለት ግዙፍ ጃምቦ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰው አልቋል። በ2001 ሚላን ሊናቴ ላይ በጭጋግ ውስጥ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 118 ሰው ሞቷል። አልበርም ያለ ፓይለት ልክ ነው። የኛ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መሬት ላይ የቀረውን ሰው ማን ይንከባከበው?

ሕጉ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 ይባላል። ከፌብሩዋሪ 2005 ጀምሮ ይሠራል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የካሳውን ብር ነው። እስከ 1500 ኪሎ ሜትር 250 ዩሮ፣ ከዚያ እስከ 3500 ድረስ 400፣ ከዚያ በላይ 600። አየር መንገዱ “ልዩ ሁኔታ” ማለትም እሱ ሊቆጣጠረው የማይችል ነገር እንደገጠመውና ማድረግ ያለበትን ሁሉ አድርጎም ሊያስቀረው እንዳልቻለ ካስረዳ ግን ይህን ካሳ አይከፍልም። ለበረራ የማይመች አየር በደንቡ መግቢያ ላይ በስሙ ተጠቅሷል። ስለዚህ ጭጋጉ እውነት ከሆነ 600 ዩሮዋን እርሷት። ይህን ቁርጥ አድርጌ የምናገረው የማይገኝ ገንዘብ ስታሳድዱ የሚገኘው እንዳያመልጣችሁ ነው።

የሚገኘው ምንድነው? በረራው ከተሰረዘና ሌላ በረራ የምትጠብቁ ከሆነ ወዲያው፣ ከዘገየ ደግሞ ለአጭር በረራ ከ2 ሰዓት፣ ለመካከለኛ ከ3፣ ለረጅም ከ4 ሰዓት ጀምሮ እንደጥበቃው ርዝመት ምግብና መጠጥ ይሰጧችኋል። ማደር ካስፈለገ ሆቴል፣ ወደ ሆቴሉ መሄጃና መመለሻ ትራንስፖርት፣ ሁለት የስልክ ጥሪ። ይህ ቸርነት አይደለም፣ ግዴታ ነው። በዕድሜም ሆነ በሌላ ምክንያት መንቀሳቀስ የሚከብዳቸው ሰዎች፣ ብቻቸውን የሚጓዙ ልጆችም ቅድሚያ አላቸው። እናቶቻችሁን ስትሸኙ ይህን አትርሱ።

“ጭጋጉ ሦስት ቀን ቢቆይስ? ሦስት ቀን ሆቴል ይከፍላሉ ወይ?” አዎ። ይህ ፍርድ ቤት ደርሶ ያለቀ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አይስላንድ ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የአውሮፓ ሰማይ ሲዘጋ፣ ከፖርቱጋል ፋሮ ወደ ደብሊን የምትመለስ አንዲት ተሳፋሪ አንድ ሳምንት እዚያው ቀረች። የሆቴልና የምግብ ወጪዋን፣ ወደ 1130 ዩሮ ገደማ፣ ከአየር መንገዱ ከራያንኤር ጠየቀች። ኩባንያው “ይህ እኮ ልዩ ሁኔታ ብቻ አይደለም፣ ከልዩም በላይ ነው” ብሎ ተከራከረ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2013 አልተቀበለውም። ከልዩ በላይ የሚባል ነገር የለም፣ ለእንክብካቤውም የጊዜም የገንዘብም ጣሪያ የለውም አለ። ኩባንያው ካላቀረበላችሁ ራሳችሁ ከፍላችሁ ደረሰኙን ታቀርባላችሁ፤ አስፈላጊና ተመጣጣኝ የሆነው ወጪ ይመለሳል። ተመጣጣኝ ማለት ባለአምስት ኮከብ ሆቴል ማለት አይደለም፣ ኤርፖርት አካባቢ ያለ መካከለኛ ሆቴል ነው። ሰማይ በሙሉ ሲዘጋ እንዲህ ከተፈረደ፣ የአንድ ጠዋት ጭጋግ ምን ምክንያት ይሆናል?

እዚህ ላይ የአንዲት እህታችንን ነገር ልንገራችሁ። ሁለት ልጆች ይዛ ነው የተጓዘችው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ አንድ ትንሽ ኤርፖርት ውስጥ ተቀምጣለች። የበረራ ሰዓት የሚያሳየው ቦርድ መጀመሪያ አርባ ደቂቃ ዘግይቷል አለ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ተሰረዘ። የምግብ ቫውቸር ሰጧት። ኤርፖርቱ ውስጥ ያለችው አንዲት ካፌ ናት፤ ካፌዋ ያላት ቅቤ የተቀባ ዳቦ፣ አይብና ካም ነው። ጊዜው ደግሞ ጾመ ነቢያት። ልጆቹ በሉ፣ እሷ ሻይ ጠጥታ ዋለች። ቫውቸሩን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ነው ቤት የገባችው። በኋላ ሳናግራት “ጾመኛ ነኝ ብል ይስቁብኛል ብዬ ነው” አለችኝ። አይሳቅም። ቫውቸሩ የምትበሉትን የማይገዛ ከሆነ ይህንኑ በትህትና ተናገሩ። ካልሆነ ከሱፐርማርኬት ሙዝ፣ ዳቦ፣ ለውዝ፣ የምትችሉትን ገዝታችሁ ደረሰኙን ያዙ። ሕጉ ምግብ ነው የሚለው። ልትበሉት የማትችሉት ነገር ለእናንተ ምግብ አይደለም፤ እኔ እንደዚያ ነው የምከራከረው።

ካውንተር ላይ ያለችውን ልጅም አትቆጧት። በትንሽ ኤርፖርት ብዙ ጊዜ የምታስተናግዳችሁ ሠራተኛ የአየር መንገዱ አይደለችም፣ በውል የሚሠራ የሌላ ኩባንያ ናት። ሆቴል ለመያዝ ሥልጣን ላይኖራት ይችላል። ከሷ የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መብታችሁ የተዘረዘረበትን ወረቀት። በረራ ሲሰረዝ ወይም ሁለት ሰዓት ሲዘገይ አየር መንገዱ ይህን በጽሑፍ መስጠት አለበት። ሁለተኛ፣ በረራው የተሰረዘበትን ምክንያት በጽሑፍ። አልሰጥም ካለች ሰዓቱን ጻፉ፣ የቦርዱን ፎቶ አንሱ፣ በስልካችሁ የመጣውን መልእክት አታጥፉ። ቪዛዋ የሚያልቅ እናት ይዛችሁ ከሆነ ይህ ወረቀት የግድ ነው። በሸንገን የቪዛ ሕግ፣ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መውጣት ያልቻለ ሰው ቪዛው ያለ ክፍያ ይራዘምለታል፤ ግን ማስረጃ ይዞ ወደ ውጭ ዜጎች ቢሮ መሄድ አለበት። ዝም ብሎ ቀኑን ማሳለፍ ኋላ ላይ መዘዝ ያመጣል።

አሁን ዋናው ወጥመድ ላይ ደረስን። በረራው እንደተሰረዘ ስልካችሁ ላይ ሊንክ ይመጣል። አንዱ ምርጫ ገንዘብ ይመለስልኝ፣ ሌላው በሌላ በረራ ውሰዱኝ ይላል። ሰው በንዴት ገንዘቡን ይመርጣል። ገንዘቡን በመረጣችሁባት ደቂቃ የአየር መንገዱ ግዴታ አበቃ። ሆቴሉም ምግቡም አዲስ በረራውም ቀረ። ገንዘቡ በ7 ቀን ይመለሳል፣ እናንተ ግን ለገና አንድ ሳምንት ሲቀረው የሚገኘውን ትኬት በሦስት እጥፍ ትገዛላችሁ። አዲስ አበባ መድረስ የምትፈልጉ ከሆነ አትንኩት። “በተቻለ ፍጥነት ወደ መድረሻዬ ውሰዱኝ” በሉ። ያ በሌላ ቀን በራሳቸው በረራ ብቻ ማለት አይደለም፤ በሌላ ኤርፖርት፣ በባቡር እስከ ፍራንክፈርት፣ አንዳንዴም በሌላ አየር መንገድ ሊሆን ይችላል። አማራጩን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ብታቀርቡላቸው ይቀላል። ከሦስት ሰዓት በኋላ የሚነሳ ባቡር አለ፣ በዚያ ብሄድ የማታውን እደርሳለሁ፣ ትኬቴን አስተካክሉልኝ በሏቸው።

ባቡሩን ግን ሳታስፈቅዱ አትሳፈሩ። የመጀመሪያውን በረራ ሳትሳፈሩ ፍራንክፈርት ብትቀርቡ ሲስተሙ “ተሳፋሪው አልመጣም” ብሎ ቀሪውን በሙሉ፣ መመለሻውንም ጭምር ሊሰርዘው ይችላል። መጀመሪያ ትኬቱ ይቀየር፣ ማረጋገጫው በኢሜይል ይምጣ፣ ከዚያ ሩጡ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አንድ ትኬት ከሆነ ነው። እባካችሁ ይህን ልብ በሉ። ፍርድ ቤቱ በአንድ ቡኪንግ የተያዙ በረራዎችን እንደ አንድ ጉዞ ነው የሚያያቸው። ከትንሹ ኤርፖርት እስከ አዲስ አበባ በአንድ ቁጥር ከተያዘ፣ ጭጋጉ የመጀመሪያዋን በረራ ቢያስቀራትም አዲስ አበባ ማድረስ የእነሱ ሥራ ነው። ርካሿን በረራ ለብቻ፣ የአዲስ አበባውን ለብቻ ከቆረጣችሁ ግን የመጀመሪያው አየር መንገድ ፍራንክፈርት ካደረሳችሁ ጨረሰ። ሁለተኛው “አልመጣችሁም” ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እናንተ ናችሁ መሃል ላይ የቀራችሁት። የትኬት ወኪላችሁ ስልሳ ዩሮ አተርፍላችኋለሁ ብሎ ለሁለት ሲከፍለው ጠይቁት። “ጭጋግ ቢሆን ማን ነው የሚያደርሰኝ?” በሉት። ለየብቻ መግዛት የግድ ከሆነ አንድ ቀን ቀድማችሁ ሂዱ።

ሌላም ነገር አለ። ጭጋጉ የእናንተ ከተማ ላይ ባይኖርም በረራችሁ ሊቀር ይችላል። ትልቁ ኤርፖርት ላይ ጭጋግ ሲወርድ በሰዓት የሚያርፉት አውሮፕላኖች ቁጥር ይቀንሳል። ያኔ አየር መንገዱ መርጦ ይሰርዛል። የሚሰርዘው ረጅሙን በረራ አይደለም፣ ከትንንሽ ከተሞች የሚመጡትን አጫጭሮቹን ነው። በዲሴምበር 2006 ለንደን ሂትሮው በገና ዋዜማ ሰሞን በጭጋግ ሲታፈን በመቶዎች የሚቆጠሩ በረራዎች ተሰርዘዋል፣ የሀገር ውስጦቹ አጫጭር በረራዎች ነበሩ በዋናነት የተቆረጡት። የትንሽ ከተማ ሰው ሁልጊዜ ቀድሞ ነው የሚሠዋው፤ ይህ እኔን በጣም ያናድደኛል።

“ጭጋግ” የሚለውን ምክንያት ሁልጊዜ እንዳለ አትዋጡት። ማስረዳት ያለበት አየር መንገዱ ነው። ጠዋት የወረደ ጭጋግ በአራት ሰዓት ተገፎ የማታው በረራ በዚያው ስም ከተሰረዘ ጠይቁ። ምናልባት የሠራተኞቹ የሥራ ሰዓት አልቆ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከኮፐንሃገን ወደ ሪጋ የሚሄድ የኤር ባልቲክ በረራ ላይ እንዲህ ሆኗል። መጀመሪያ በመብራት መጥፋት ምክንያት የአየር ክልሉ ተዘጋ፣ ሲከፈት የሠራተኞቹ ሰዓት አልቆ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2011 አየር መንገድ ሲያቅድ እንዲህ ላለ መዘግየት የሚሆን ትርፍ ጊዜ ማሰብ አለበት አለ። የአየሩን ሁኔታ ደግሞ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ኤርፖርቶች በየግማሽ ሰዓቱ ሜታር የሚባል አጭር ዘገባ ያወጣሉ፣ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል። በዚያ ሰዓት 0200 የሚል ቁጥርና ኤፍ ጂ የሚሉ ፊደላት ካያችሁ እይታው 200 ሜትር፣ ጭጋግ ነው ማለት ነው፤ አትድከሙ። 9999 የሚል ከሆነ እይታው 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ያኔ ስክሪንሾት አንሱ።

አንዳንዴ አውሮፕላኑ ተነስቶ ሌላ ከተማ ያርፋል። ከዚያ አውቶቡስ ይመጣል፣ ወይም አይመጣም። አውቶቡስ ማምጣት የእነሱ ነው። አልመጣ ካለና ሌሊት ከሆነ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ተካፍላችሁ ታክሲ ያዙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የሁላችሁንም ስም ጻፉበት። መዘግየቱ የሚቆጠረው ትኬቱ ላይ ያለው ኤርፖርት እስክትደርሱ ነው። ሻንጣ ካልመጣ ከኤርፖርቱ ሳትወጡ አስመዝግቡ። ሻንጣው ዘግይቶ ከደረሰ ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ፣ ከተጎዳ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ።

ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ስለ ራሳችን አየር መንገድ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ኤርፖርት የሚነሳ ማንኛውም አየር መንገድ፣ የኢትዮጵያም ቢሆን፣ በዚህ ደንብ ይገዛል። ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ስትመለሱ ግን ይለያል። ያበረራችሁ ሉፍታንዛ ከሆነ ደንቡ አለ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የለም። የሚታየው ትኬቱ ላይ የተጻፈው ስም ሳይሆን አውሮፕላኑን ያበረረው ነው። ያኔ የሚቀራችሁ የሞንትሪያል ስምምነት፣ ማለትም ዓለም አቀፍ የአየር ጉዞን የሚገዛው የሀገሮች ውል ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። እሱ በመዘግየት የደረሰባችሁን ኪሳራ በማስረጃ ያስጠይቃል፣ ኩባንያው የሚቻለውን ሁሉ አድርጌያለሁ ብሎ ካስረዳ ግን ነጻ ይሆናል። አንድ ጥሩ ነገር አለው። ከፍራንክፈርት እስከ ላሊበላ ወይም ጎንደር በአንድ ትኬት ከተጓዛችሁ፣ የመጨረሻዋ የሀገር ውስጥ በረራም የዓለም አቀፉ ጉዞ አካል ተደርጋ ትቆጠራለች። አዲስ አበባ ደርሳችሁ ለብቻ ከቆረጣችሁ አትቆጠርም።

እንግሊዝ ያሉ ዘመዶቻችሁ ከብሬግዚት በኋላም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው፣ ካሳው በፓውንድ ሆነ እንጂ። እስራኤል ያሉት ከ2012 ጀምሮ የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ከሁለት ሰዓት መዘግየት ጀምሮ ምግብና መጠጥ ይሰጣል። አሜሪካ ግን የተለየ ነው። በአየር ምክንያት ሆቴል ስጡ የሚል የፌዴራል ሕግ የለም። በረራው ተሰርዞ ሌላ ካልተቀበላችሁ ገንዘባችሁን የመመለስ ግዴታ ነው ያለው።

በመጨረሻ አቤቱታው። መጀመሪያ ለራሱ ለአየር መንገዱ ነው የሚጻፈው። ረጅም ሐተታ አያስፈልግም። የበረራ ቁጥር፣ ቀን፣ ምን እንደሆነ፣ ያወጣችሁት ገንዘብ፣ ደረሰኝ፣ የባንክ ቁጥር። ሁለት ወር ጠብቃችሁ መልስ ካልመጣ ወይም እምቢ ካሉ ጀርመን ውስጥ ለጉዞ ጉዳዮች የተቋቋመ የሽምግልና ተቋም አለ፣ ለተሳፋሪ በነጻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ካሳ እናስመልሳለን የሚሉ ድርጅቶች ሩብና ከዚያም በላይ ቆርጠው ይወስዳሉ፤ ደግሞ የሚፈልጉት የካሳውን ገንዘብ ነው። የጭጋግ የሆቴል ደረሰኝ ብዙም አያጓጓቸውም። ስለዚህ ራሳችሁ ጻፉት፣ ቋንቋው ካስቸገራችሁ እዚህ የተማሩ ልጆች አሉን፣ በግማሽ ሰዓት ይጽፉላችኋል።

አንድ አባት “ያምናው ደረሰኝ አሁንም ይሠራል ወይ ልጄ?” ብለው ጠይቀውኛል። አዎ አባቴ፣ ይሠራል። ጀርመን ውስጥ ጊዜው ጉዳዩ የደረሰበት ዓመት ካለቀ በኋላ ሦስት ዓመት ነው። እንግሊዝ 6 ዓመት፣ ሆላንድ 2 ዓመት። የሞንትሪያሉም 2 ዓመት ነው። ደረሰኙን ይዘውልኝ ይምጡ፣ ዛሬውኑ አብረን እንጽፈዋለን።